ወለል ላይ ለሚቀመጡ ዘላዮች የተሠራው ቀበቶ

አንድ አነስተኛ አውሮፕላን ለፓራሹት ዝላይ ሲዘጋጅ መጀመሪያ የሚነሣው ወንበሩ ነው። ከአብራሪው መቀመጫ በቀር ያለው ሁሉ ተፈትቶ ይወጣል። ዘላዮቹም ፓራሹታቸውን በጀርባቸው አዝለው ወለሉ ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ፊታቸው ወደ ጭራው፣ ጀርባቸው ወደ አብራሪው ነው። ወንበሩ ሲወጣ ከወንበሩ ጋር የተያያዘው ቀበቶም አብሮ ይወጣል። ታዲያ ወለል ላይ የተቀመጠ፣ ከባድ ዕቃ የተሸከመ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም በሩን አልፎ ወደ አየር የሚወጣ ሰው በምን ይታሰር? ይህ ጥያቄ ደህና መልስ እስኪያገኝ ድረስ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ብዙ ሰውም ሞቷል። ታሪኩን ከመነሻው እንከተለው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኮርቻ ሰሪው ጠፍር እስከ ሮኬቱ መንሸራተቻ

በ1910 ቤንጃሚን ፉሎይ የተባለ የአሜሪካ ጦር መኮንን፣ በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ፎርት ሳም ሂውስተን በሚባለው የጦር ሰፈር የራይት ወንድማማቾችን አውሮፕላን እያበረረ ይለማመድ ነበር። የዚያ ዘመን አውሮፕላን ግድግዳም ጣሪያም አልነበረውም፤ አብራሪው የሚቀመጠው በታችኛው ክንፍ ጠርዝ ላይ፣ ለነፋስ ተጋልጦ ነው። ነፋሱ ሲያናውጠው ከመቀመጫው ሊወረወር የደረሰው ፉሎይ፣ ወደ ጦሩ ኮርቻ ሰሪ ሄዶ ራሱን ከመቀመጫው ጋር የሚያስርበት ጠፍር አሠራ። በበረራ ታሪክ ቀድመው ከሚጠቀሱት ቀበቶዎች አንዱ ይህ ጠፍር ነው። ሥራውም አንድ ብቻ ነበር፤ ሰውየውን አውሮፕላኑ ላይ ማቆየት።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ከአውሮፕላን ሆን ብሎ የሚወርድ ሰው መጣ። ማርች 1 ቀን 1912 አልበርት ቤሪ፣ በሴንት ሉዊስ አጠገብ በጄፈርሰን ባራክስ፣ ቶኒ ጃነስ ከሚያበርረው አውሮፕላን በ1,500 ጫማ ከፍታ ላይ ዘለለ። ፓራሹቱ የተቀመጠው ከአውሮፕላኑ ሥር በተንጠለጠለ የብረት ቀፎ ውስጥ ነበር። ከዚያም ኤፕሪል 28 ቀን 1919 ሌስሊ ኧርቪን በኦሃዮ ማኩክ ፊልድ፣ በጀርባው ያዘለውን ፓራሹት አየር ላይ ሆኖ በገዛ እጁ ስቦ ከፈተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘላይ ፓራሹቱን እንደ ልብስ ለብሶ ወደ አውሮፕላን የሚገባ ሰው ሆነ።

እዚህ ላይ ሁለት ፍላጎቶች ይጋጫሉ። ቀበቶው ሰውየው እንዳይወጣ ይይዘዋል፤ ፓራሹቱ ደግሞ የሚጠቅመው ሲወጣ ነው። ለረጅም ጊዜ ዘላዮች ሁለተኛውን አምነው የመጀመሪያውን ችላ አሉ። ፓራሹት ያዘለ ሰው መውጫው በጀርባው ስለሆነ ቀበቶ አያሻውም የሚል እምነት ሰፈነ። ነገር ግን ፓራሹት ለመዘርጋት ከፍታ ይፈልጋል። ብዙ አደጋ የሚደርሰው ደግሞ አውሮፕላኑ ገና ከመሬት በተነሣባቸው ደቂቃዎች፣ መዝለል ሊያድን በማይችልበት ዝቅታ ላይ ነው።

ቀበቶ ራሱ ምን መምሰል እንዳለበት የተጠናው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሂው ዴሄቨን የተባለ ወጣት አሜሪካዊ በ1917 ካናዳ ውስጥ ለብሪታንያ የበረራ ጓድ ሲሠለጥን፣ አውሮፕላኑ ከሌላ አውሮፕላን ጋር አየር ላይ ተጋጨ። እሱ ቢተርፍም የሆድ ዕቃው ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ ለጉዳቱ ምክንያት ያደረገውም የገዛ ቀበቶውን ዘለበት ነው። ያዳነው ነገር ራሱ መልሶ ጎድቶታል ማለት ነው። ዴሄቨንን ይህ ሐሳብ ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም። በ1942 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ በአደጋ ጉዳት ላይ የሚመራመር ፕሮግራም መሠረተ፤ ሰው በአደጋ የሚሞተው ግጭቱ ስለበረታ ብቻ ሳይሆን የያዘው ነገር በአግባቡ ስላልያዘው ጭምር መሆኑንም አስረዳ።

ቀጥሎ የመጣው ሐኪሙና የአየር ኃይል መኮንኑ ጆን ፖል ስታፕ ነው። ስታፕ በሮኬት በሚገፋ መንሸራተቻ ላይ ራሱን አስሮ፣ በከፍተኛ ፍጥነት እየሮጠ በድንገት መቆም በሰው ገላ ላይ የሚያደርሰውን በገዛ አካሉ ፈተነ። በ1947 ሙከራውን የጀመረው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነበር። ዲሴምበር 10 ቀን 1954 በኒው ሜክሲኮ ሆሎማን የአየር ኃይል ሰፈር ደግሞ በሰዓት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሮጥ ቆይቶ በ1.4 ሰከንድ ውስጥ ቆመ። ገላው ላይ ያረፈው ኃይል ከመሬት ስበት 46 እጥፍ በላይ ነበር፤ ሆኖም በሕይወት ወረደ። በደንብ የታሰረ ገላ ከሚታሰበው በላይ እንደሚችል ተረጋገጠ። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ሰው ግጭትን ይበልጥ እንደሚቋቋምም ስታፕ አሳየ፤ ይህ ግን ጀርባውን የሚደግፈው ነገር ካለ ነው። የዝላይ አውሮፕላን ወለል ላይ የሚቀመጥ ዘላይም ፊቱ ወደ ኋላ ነው፤ ከጀርባው ያለው ግን የወንበር መደገፊያ ሳይሆን የሌላ ሰው ጉልበት ነው።

ወንበሩ የወጣበት ዘመን

በ1959 ትውልደ ፈረንሳዩ ዣክ ኢስቴል ከባልደረቦቹ ጋር በማሳቹሴትስ ኦሬንጅ ከተማ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የፓራሹት ዝላይ ማዕከል ከፈተ። በአሜሪካ በንግድ መልክ የተቋቋመ የመጀመሪያው ማዕከል ይኸው ነው። ከዚያ በፊት ዝላይ የአየር ወለድ ወታደሮችና የትርዒት ሰዎች ሥራ ነበር፤ አሁን መምህሩም ተማሪውም ቅዳሜና እሑድ የሚሞክረው ስፖርት ሆነ።

ስፖርቱ ርካሽ አውሮፕላን ፈለገ፤ ያገኘውም ሴስና 182ን ነው። ለአብራሪና ለሦስት ተሳፋሪ የተሠራው ይህ አውሮፕላን ወንበሮቹ ሲወጡለት አራት አምስት ዘላይ ያሳፍራል። በሩ አየር ላይ ወደ ላይ እንዲከፈት ይቀየራል፤ ልብስና ገመድ የሚይዝ ሹል ነገር ሁሉ ይሸፈናል። አውሮፕላኑን የሚያዘጋጁት ሰዎች ለበሩና ዘላዩ ሲወጣ ለሚቆምበት መርገጫ ብዙ ተጨነቁ፤ ቀበቶው ግን ተረሳ። አንዳንዱ አውሮፕላን የድሮ ቀበቶው ወለሉ ላይ ተጥሎ ይገኝ ነበር፤ አንዳንዱ ከነጭራሹ የለውም፤ ያለውንም የሚያስረው ጥቂት ሰው ነበር።

የአሜሪካ የበረራ ሕግም ለስፖርቱ በር ከፈተለት። አንቀጽ 91.107 አውሮፕላን መሬት ላይ ሲንቀሳቀስ፣ ሲነሣና ሲያርፍ ሰው ሁሉ በተፈቀደ ወንበር ላይ በቀበቶ ታስሮ እንዲቀመጥ ያዛል። ለስፖርት ፓራሹት የሚሳፈር ሰው ግን ወለሉን እንደ መቀመጫ እንዲጠቀም ይፈቅዳል። ሕጉ ወለሉን መቀመጫ ብሎ ቆጠረው፤ ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው እንዴት እንደሚታሰር ግን ዝርዝር አላስቀመጠም። ክፍተቱን የሞላው ልማድ ነበር።

የ1980ዎቹና የ1992 ሐዘን

ኦገስት 21 ቀን 1983 በዋሽንግተን ግዛት ሲልቫና አቅራቢያ 26 ሰዎችን የያዘ ሎክሂድ አውሮፕላን ዘላዮቹ ለመውጣት ወደ በሩ ሲከማቹ ሚዛኑን ስቶ ወደቀ። 15 ዘላዮች ወጥተው ተረፉ፤ 9 ዘላዮችና ሁለቱ አብራሪዎች ሞቱ። መርማሪዎች ምክንያቱን ያገኙት በጭነት አደላደሉ ላይ ነው፤ ክብደቱ ወደ ጭራው በዝቶ አውሮፕላኑ ከቁጥጥር ውጭ ሆነ። በዝላይ አውሮፕላን ውስጥ ዋናው ጭነት ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይንቀሳቀሳል። ከግጭት ከማዳኑ በተጨማሪ ሰውን በቦታው አጽንቶ የአውሮፕላኑን ሚዛን መጠበቅም የቀበቶ ሥራ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1985 በጆርጂያ ጄንኪንስበርግ አንድ ሴስና ካራቫን በተበከለ ነዳጅ ምክንያት ገና እንደተነሣ ሞተሩ ኃይል አጣ፤ ተሳፋሪዎቹ 17ቱም ሞቱ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 1992፣ በካሊፎርኒያ ፔሪስ ቫሊ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። 22 ሰዎችን የጫነ ትዊን ኦተር ሲነሣ ውኃ የገባበት ነዳጅ የቀኙን ሞተር አጠፋ፤ በዚያ ግርግር አብራሪው የሚሠራውን ሞተር ፕሮፔለር ከሥራ ውጭ አደረገ። አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው አጠገብ ተከሰከሰ፤ 16 ሰዎች ሞቱ፣ ስድስት ተረፉ። ከተረፉት አንዱ ዳን ብሮድስኪ ቼንፌልድ አንገቱ ተሰብሮ ለሳምንታት ራሱን ስቶ ተኛ፤ በኋላ ወደ ስፖርቱ ተመልሶ የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን በቃ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 7 ቀን በኢሊኖይ ሂንክሊ አንድ ቢች 18 ወድቆ 12 ሰዎች ሞቱ።

እንዲህ ባለ አደጋ ውስጥ ያልታሰሩ ዘላዮች ምን ይሆናሉ? አውሮፕላኑ መሬት ነክቶ በድንገት ሲቆም፣ አይሱዙ ላይ ያልታሰረ ጭነት ፍሬን ሲያዝ ወደ ጋቢናው እንደሚንሸራተት፣ ሰዎቹ ሁሉ ወደ ፊት ይነጉዳሉ። ከጭራው በኩል ያሉት ከጀርባቸው ባሉት ላይ፣ እነዚያም ከነሱ ጀርባ ባሉት ላይ ይወድቃሉ፤ የሁሉም ክብደት የሚያርፈው ለአብራሪው በቀረቡት ላይና በራሱ በአብራሪው ላይ ነው። ስለዚህ ቀበቶውን ያላሰረ ዘላይ የራሱን ሕይወት ብቻ ሳይሆን ከጀርባው የተቀመጠውን ወንድሙን ወይም እህቱን ሕይወትም አደጋ ላይ ጥሏል። ከ1992 በኋላ በአሜሪካ ዘላዮች ዘንድ ቀበቶ ማሰር የግል ምርጫ መሆኑ ቀርቶ የጋራ ግዴታ ሆኖ መታየት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀበቶውን ማሻሻል

ማሰር ከተለመደ በኋላ ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ የሚታሰረው ቀበቶ በእርግጥ ይይዛል? የተለመደው አሠራር አንድ ቀበቶ ከወለሉ ወይም ከጎን ግድግዳው ተነሥቶ፣ በዘላዩ የፓራሹት ማንገቻ ውስጥ አልፎ፣ እዚያው ተመልሶ የሚቆለፍበት ነበር። ዘላዩ በአንድ ነጥብ ብቻ ተይዟል ማለት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በኦክላሆማ ሲቲ ባለው የሲቪል ኤሮሜዲካል ኢንስቲትዩት ይህን በመንሸራተቻ ላይ ፈተነ፤ የሰው ቅርጽና ክብደት ያላቸውን አሻንጉሊቶች የፓራሹት ማንገቻ አልብሶ አጋጫቸው። ውጤቱ በ1998 ታተመ። በአንድ ነጥብ የታሰረ ገላ በማሰሪያው ዙሪያ ይወናጨፋል፤ በግራና በቀኝ ዳሌ በኩል ከማንገቻው ጋር በሁለት ቀበቶ የተያዘ ገላ ግን በቦታው የመጽናት ዕድሉ የተሻለ ነው።

ትምህርቱ ቀላል ይመስላል፤ ሥራው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዘላይ ጀርባው ላይ ቦርሳ፣ ደረቱ ላይ መያዣዎች፣ ጭኑ ላይ ጠፍሮች አሉት። በወገብ ላይ የሚጠመጠም ተራ ቀበቶ ዕቃው ላይ ያርፋል እንጂ አጥንቱን አይይዝም። ስለዚህ ቀበቶው የሚያልፈው የጭኑ ጠፍር ከዋናው ማንገቻ ጋር በሚገናኝበት፣ ዳሌ አጠገብ ባለው ጠንካራ ቦታ ነው። በደረት ማሰሪያ ውስጥ ማለፍ የለበትም፤ እዚያ ከተያዘ ገላው ወደ ታች ይሾልካል፣ አንገትም ይጎዳል። የፓራሹቱን መያዣዎችም መሸፈን የለበትም። በሩ በተከፈተ አውሮፕላን ውስጥ መጠባበቂያው ፓራሹት ሳይታሰብ ተስቦ ወደ ውጭ ቢወጣ፣ ዘላዩን ጎትቶ ከጭራው ክንፍ ጋር ሊያላትመውና አውሮፕላኑን ራሱን ሊጥል ይችላል።

ዘለበቱ ብረት ከብረት ጋር የሚቆለፍ፣ በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ የሚፈታ መሆን አለበት፤ የሚቃጠል አውሮፕላን ውስጥ ቋጠሮ ለመፍታት ጊዜ የለም። ከተፈታ በኋላ ደግሞ ተጠቅልሎ የሚቀመጥበት ቦታ ያስፈልገዋል። ተንጠልጥሎ የቀረ ቀበቶ የፓራሹት ቦርሳ ይይዛል ወይም በበሩ ወጥቶ የአውሮፕላኑን ጎን እየደበደበ ይጎዳዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቀበቶው አውሮፕላኑን የሚይዝበት ነጥብ ነው። በነዚህ አነስተኛ አውሮፕላኖች ላይ ለቀበቶ የተቀመጠው መለኪያ ወደ ፊት የሚገፋ፣ የስበት 9 እጥፍ የሆነ ኃይል ነበር። ከነዕቃው 100 ኪሎ የሚመዝን ዘላይ በዚያ ቅጽበት 900 ኪሎ ሆኖ ይጎትታል። በቀጭን የወለል ቆርቆሮ ላይ የታሰረ ቀለበት ይህን አይችልም፤ ቆርቆሮው ተቀዶ ቀበቶው ከነሰውየው ይሄዳል። ስለዚህ ማሰሪያው ከአውሮፕላኑ አጥንት፣ ከወንበር ሐዲዱ ወይም ከተጠናከረ የወለል አካል ጋር መያያዝ አለበት፤ ለውጡም ተሰልቶ፣ በፈቃድ ባለው የጥገና ባለሙያ ተሠርቶ፣ በአቪዬሽን ባለሥልጣን ጸድቆ በአውሮፕላኑ መዝገብ ይሰፍራል። ከተራራ መውጫ ዕቃ ሱቅ የተገዛ መንጠቆ ወይም ጫማ ሰፊ ጋ የተጠገነ ጥብጣብ እዚህ ቦታ የለውም። ፀሐይና ላብ ጥብጣቡን ስለሚያደክሙትም በየጊዜው ይመረመራል፣ ይለወጣል።

ሱሊቫን፣ ፎክስ ግላሲየር፣ ካቡልቸር

የ1998ቱ ጥናት በመደርደሪያ ላይ ብዙ ቆየ። ጁላይ 29 ቀን 2006 በሚዙሪ ሱሊቫን 8 ሰዎችን የጫነ ትዊን ኦተር እንደተነሣ የቀኝ ሞተሩ ኃይል አጥቶ ወደቀ። አብራሪውና አምስት ዘላዮች ሞቱ፤ ሁለቱ በጽኑ ቆሰሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2008 ባወጣው ውሳኔ፣ የተሻለ ማሰሪያ አለመኖሩ ለአንዳንዶቹ ዘላዮች ጉዳት አስተዋጽኦ ማድረጉን በግልጽ ጻፈ። ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር ጋር ሆኖ ለየአውሮፕላኑ የሚስማማውን የሁለት ነጥብ ማሰሪያ እንዲያጠናና በመመሪያው እንዲያስገባም ጠየቀ። ቦርዱ በዚያው ዓመት ባወጣው ልዩ ዘገባ ከ1980 ወዲህ የደረሱ 32 የዝላይ አውሮፕላን አደጋዎችን መርምሯል፤ በነዚህ 172 ሰዎች ሞተዋል። አስተዳደሩ የስፖርት ዝላይ መመሪያውን በ2011 እና በ2013 አድሶ ስለ መቀመጫና ማሰሪያ ምክር ጨመረበት። መመሪያው ግን ምክር እንጂ አስገዳጅ ሕግ አይደለም።

ሴፕቴምበር 4 ቀን 2010 በኒውዚላንድ ፎክስ ግላሲየር፣ ከእርሻ ማዳበሪያ መርጫነት ለዝላይ የተቀየረ ፍሌቸር አውሮፕላን እንደተነሣ ወድቆ ውስጡ የነበሩት 9 ሰዎች ሁሉ ሞቱ፤ አራቱ ለመዝናናት የመጡ ቱሪስቶች ነበሩ። የአገሪቱ አደጋ መርማሪ ኮሚሽን በመጀመሪያው ዘገባው ክብደቱ ወደ ጭራው ማድላቱንና ዘላዮቹ አለመታሰራቸውን አንሥቶ፣ ያልታሰረ ሰው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሚዛኑን ሊያባብስ እንደሚችል አሳሰበ። ኮሚሽኑ በኋላ ጉዳዩን እንደገና አይቶ የአደጋውን ምክንያት በእርግጠኝነት ከመደምደም ተቆጥቧል። ስለ ማሰሪያ የተነሣው ነጥብ ግን ከሲልቫና ጀምሮ የታወቀ ነው።

በ2014 ደግሞ በአውስትራሊያ ካቡልቸር አንድ ሴስና 206 ሲነሣ ወድቆ ተቃጠለ፤ አምስት ሰዎች ሞቱ። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት ቢሮ ምርመራውን ሲጨርስ፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው የሚቀመጡ ዘላዮች በአንድ ነጥብ ከመታሰር ይልቅ በሁለት ነጥብ ቢታሰሩ የመትረፍ ዕድላቸው እንደሚጨምር ጠቅሶ፣ በአውስትራሊያ አውሮፕላኖች የተለመደው ግን ባለ አንድ ነጥቡ መሆኑን ገለጸ። የአቪዬሽን ባለሥልጣኑና የፓራሹት ማኅበሩ ባለ ሁለት ነጥቡን እንዲያስፋፉም መከረ። አደጋው ሲደርስ፣ ኦክላሆማ ሲቲ ላይ የተገኘው መልስ ከታተመ 16 ዓመት አልፎት ነበር።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። ዕውቀቱ አልጎደለም። ዴሄቨን፣ ስታፕና የ1998ቱ ተመራማሪዎች የሚያስፈልገውን ነግረውናል፤ ማሰሪያው ከአውሮፕላን ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። የጎደለው ዕውቀቱን ወደ አውሮፕላኑ ወለል የሚያወርድ አስገዳጅነት ነው። ምክር ለሚሰማ ይበቃል፤ ለማይሰማው ግን ሕግ ያስፈልጋል። ወለሉን መቀመጫ ብሎ የፈቀደ ሕግ የዚያን መቀመጫ ቀበቶም መወሰን ይገባዋል።

በዱባይም ሆነ በአሜሪካ ከአስተማሪ ጋር ተጣምሮ ለመዝለል የሚመዘገብ ወገን ብዙ ነው፤ አንባቢዬም አንዱ ሊሆን ይችላል። ከተሳፈሩ በኋላ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ የምታሰረው በየት በኩል ነው፣ ቀበቶው ከማንገቻዬ ጋር ዳሌዬ አጠገብ ተያይዟል ወይ፣ የሚፈታውስ መቼ ነው? አውሮፕላኑ ቢያንስ 1,000 ጫማ፣ በብዙ ቦታም 1,500 ጫማ እስኪያልፍ ድረስ አይፍቱት። አጠገብዎ የተቀመጠውም ማሰሩን ያረጋግጡ፤ የእሱ ቀበቶ የእርስዎንም ሕይወት ይጠብቃልና።